«ለምን በግልጽ አልነገርሽኝም?» ለሚሉ አለቃ ምን ይመለሳል?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ በአንድ ድርጅት የሂሳብ ክፍል ትሠራለች፤ ከገባች ሁለት ዓመት አልሞላትም። ለደንበኛ ሊላክ የተዘጋጀ ሪፖርት ስታይ ሦስተኛው ሠንጠረዥ ላይ ያለው ድምር አልገጥም አላት። ለክፍል ኃላፊዋ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ይቅርታ፣ ምናልባት እኔ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፤ ግን ጊዜ ካገኙ ሦስተኛውን ሠንጠረዥ አንዴ ቢያዩት ጥሩ ይመስለኛል።» ኃላፊው «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብለው መለሱ። ሪፖርቱ ከነስህተቱ ሄደ። ደንበኛው ሲቆጣ ኃላፊው ሰው በተሰበሰበበት «አይተሽው ከነበረ ለምን በግልጽ አልነገርሽኝም?» አሏት። አንዷ ባልደረባዋ ደግሞ «ያንቺ ችግር በራስ መተማመን ማጣት ነው» ብላታለች። በዚያ ላይ ትልልቆቹ ኃላፊዎች የገቡበት ስብሰባ ወደ እንግሊዝኛ ስለሚዞር ጨርሳ ዝም እንደምትል ጽፋለች። ጥያቄዋ፦ «ጥፋቱ የኔ አነጋገር ነው? ከሆነስ እንዴት ላስተካክለው?»

መልሴ ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። በጥያቄሽ ውስጥ እኔን «እርስዎ» ብለሽኛል። እኔ ደግሞ ይኸው ሳላስፈቅድሽ «አንቺ» ማለት ጀመርኩ። ሁለታችንም አላሰብንበትም፤ እጃችን ራሱ ጻፈው። ሮጀር ብራውን እና አልበርት ጊልማን የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1960 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ይህንኑ ነገር በአውሮፓ ቋንቋዎች ላይ አጥንተውታል፤ በፈረንሳይኛ «ቱ» እና «ቩ»፣ በጀርመንኛ «ዱ» እና «ዚ»። ሥልጣን እኩል ባልሆነበት ቦታ የአክብሮቱ ቃል ወደ ላይ ይወጣል፣ ተራው ቃል ወደ ታች ይወርዳል። ከሁሉም በላይ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነጥብ ነው። ያንን ልዩነት ማንሳት የሚችለው የበላዩ ነው። «አንተ በዪኝ» ማለት የምችለው እኔ ነኝ፤ አንቺ ከመሬት ተነስተሽ «አንተ» ብትዪኝ «ምን ነካት?» ይባላል። እንግዲህ እኔ እያልኩሽ ነው፤ አንተ በዪኝ። ልብ በይ ግን፣ መቀራረቡን እንኳ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። መፍቀድም ሥልጣን ነው።

ይህን ያነሳሁት አለምክንያት አይደለም። የጥያቄሽ መልስ እዚሁ ውስጥ አለ። አነጋገርሽ የባሕርይሽ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የቆምሽበት ቦታ ነው እንዲህ የሚያናግርሽ።

እስቲ መልእክትሽን ቀረብ ብለን እንየው። «ይቅርታ»፣ «ምናልባት»፣ «ተሳስቼ ሊሆን ይችላል»፣ «ጊዜ ካገኙ»፣ «አንዴ»፣ «ቢያዩት ጥሩ»፣ «ይመስለኛል»። ሰባት ማለስለሻ። ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው እነሱ ላይ ነው፤ ባልደረባሽም ያየችው እነሱን ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የታየኝ። በመልእክቱ ውስጥ ድምሩ እንደማይገጥም የሚናገር ቃል የለም። አንድም! ሠንጠረዡ እንዳለ ተናገርሽ፤ ምን እንደሆነ አልተናገርሽም። በምን ያህል እንደሚለያይ የለም። መቼ እንደሚላክና ካልተስተካከለ ምን እንደሚመጣም የለም። ማለስለሻው ቦታውን ሁሉ ይዞት ለዋናው ነገር ቦታ አልተረፈውም።

ይሄ የሚሆነው ስትፈሪ ብቻ አይደለም፣ ስታከብሪም ነው። የቋንቋ ተመራማሪዎቹ ፔኔሎፔ ብራውን እና ስቲቨን ሌቪንሰን ስለ ትህትና ባቀረቡት ትንታኔ (መጀመሪያ በ1978፣ ኋላም ተሻሽሎ በ1987 የታተመ ነው) አንድ ሰው ንግግሩን ምን ያህል እንደሚያለሰልስ የሚወስኑ ሦስት ነገሮችን ለይተዋል፤ የሰሚው ሥልጣን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት፣ የሚባለው ነገር ክብደት። አሁን ያንቺን ጉዳይ በዚህ መዝኚው። አለቃሽ ናቸው። ብዙ አትቀራረቡም። የምትነግሪያቸው ደግሞ በእሳቸው ስም በሚወጣ ሥራ ላይ ስህተት እንዳለ ነው። ሦስቱም ጫፍ ደርሰዋል። ማን ቢሆን ያለሰልስ ነበር።

ስለዚህ «በራስ መተማመን» የሚለውን ምክር አልቀበለውም። በደንብ ላስረዳ። በ1975 የቋንቋ ምሁሯ ሮቢን ሌኮፍ የሴቶች ንግግር «ይመስለኛል»፣ «ምናልባት»፣ «አይደል?» የመሳሰሉት እንደሚበዙበት ጽፋ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ዊሊያም ኦባር እና ቦውማን አትኪንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ፍርድ ቤቶች የምስክሮችን ቃል ቀድተው መረመሩ። ነገሩን የሚወስነው ሴት ወይም ወንድ መሆን ሆኖ አልተገኘም። በሙያዋ ልትመሰክር የቀረበች ሴት እነዚህን ቃላት እምብዛም አትጠቀምም፤ ዝቅ ያለ ሥራና ቦታ ያለው ወንድ ግን ያበዛቸዋል። እነሱም ስሙን ቀየሩት፣ «ሥልጣን የሌለው ሰው ቋንቋ» አሉት።

ራስሽ ላይ ሞክሪው። ያንኑ ስህተት አብራሽ የምትሠራ እኩያሽ ሪፖርት ላይ ብታዪ ኖሮ ምን ብለሽ ትጽፊላት ነበር? «ኧረ ሦስተኛው ድምር አይገጥምም፣ ሳትልኪው አስተካክዪው።» በቃ። ያው አንቺ ነሽ፣ ያው ራስ፣ ያው መተማመን። ግልጽ ንግግሩ አለሽ ማለት ነው። ወደ ላይ ሲሆን ነው የሚጠፋብሽ።

አሁን ደግሞ ይህ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ላንሳ፤ ሥልጠና በሰጠሁ ቁጥር እነግረዋለሁ፣ እስካሁን ሲደጋገም አልለመድኩትም።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 1982 ዋሽንግተን ላይ በረዶ ይጥላል። የኤር ፍሎሪዳ 90 በረራ፣ ቦይንግ 737፣ ለመነሳት መንደርደር ጀምሯል። መሪውን የያዘው ረዳት አብራሪው ነው። የሞተሩን መለኪያዎች ያያል፤ የሆነ ነገር አልተዋጠለትም። በድምፅ መቅጃው የቀረው ንግግር ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ እንዲህ ይሆናል። ረዳቱ፦ «ይሄ ልክ አይመስልም፣ አይደል? ልክ አይደለም።» ካፒቴኑ፦ «ልክ ነው፣ ሰማንያ ደርሷል።» ፍጥነቱን ማለቱ ነው። ረዳቱ፦ «አይ፣ ልክ አይመስለኝም።» ከዚያ ደግሞ፦ «ምናልባት ልክ ይሆናል።» ካፒቴኑ፦ «መቶ ሃያ።» ረዳቱ፦ «እንጃ።» አውሮፕላኑ ተነሳ፣ ከፍ ማለት አቃተው፣ ድልድይ ገጭቶ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። 78 ሰው ሞተ፤ አራቱ ድልድዩ ላይ በመኪና ያልፉ የነበሩ ናቸው።

የረዳቱ ዓይን አልተሳሳተም ነበር። የሞተሩ የበረዶ መከላከያ ስላልተከፈተ መለኪያው ከእውነተኛው ኃይል በላይ ያሳይ ነበር። ሰውየው አይቷል፣ ተናግሯል፣ ደግሞም ተናግሯል። ያቺን «ምናልባት ልክ ይሆናል» የምትለዋን ተመልከቻት። አዲስ ነገር አይቶ አይደለም ሐሳቡን የቀየረው፤ የበላዩ «ልክ ነው» ስላለው ነው። ሕይወቱ በመለኪያው ላይ ተንጠልጥሎ እንኳ ወደ ላይ መናገር ይህን ያህል ይከብዳል። አንቺ ሠንጠረዥ ላይ «ይመስለኛል» ስላልሽ ራስሽን አትውቀሺ።

የሥነ ልሳን ተመራማሪዋ ሻርሎት ሊንዴ የእንዲህ ያሉ በረራዎችን ንግግር ሰብስባ መርምራ ውጤቱን በ1988 አሳትማለች። ያገኘችው ሁለት ነገር ነው። የበታቹ ለበላዩ ሲናገር ይበልጥ ያለሰልሳል። የለሰለሰን ሐሳብ ደግሞ ካፒቴኑ የመቀበሉ ዕድል ያንሳል። ሁለቱን አንድ ላይ ስታያቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል፤ ሥልጣን እንድታለሰልሺ ይገፋሻል፣ ያለሰለስሽውን ደግሞ ራሱ አይሰማም። ከዚያ ተመልሶ «ለምን በግልጽ አልነገርሽኝም?» ይልሻል።

አቪዬሽኑ ለዚህ ያገኘው መልስ ላንቺ ጉዳይ ትልቅ ትምህርት አለው። በ1979 ናሳ በጉዳዩ ላይ ባለሙያዎችን ሰበሰበ፤ በ1981 ዩናይትድ አየር መንገድ ለአብራሪዎቹ ሥልጠና ጀመረ። ረዳቶቹን ብቻ «ደፈር በሉ» ብለው አልተዉአቸውም። ካፒቴኖቹም መጠየቅን፣ መስማትን፣ «ምን ታየህ?» ማለትን እንዲማሩ ተደረገ። እኔ ለዓመታት የምጨቃጨቀው በዚህ ነው። ድርጅቶች ይጠሩኝና «ሠራተኞቻችን ሐሳባቸውን መግለጽ አይችሉም፣ አሠልጥንልን» ይሉኛል። እሺ፣ አሠለጥናለሁ። ግን ኃላፊዎቹም ካልተቀመጡ አልጀምርም። ሰሚ ጆሮ ከሌለ አፍ ምን ያደርጋል?

አንድ ጊዜ በአንድ ድርጅት ስብሰባዎች ላይ ጥግ ይዤ እየተቀመጥኩ ማን ምን እንዳለ እጽፍ ነበር። መምሪያ ኃላፊው መልካም ሰው ናቸው። ሁልጊዜ የራሳቸውን ሐሳብ ቀድመው ይናገሩና «እናንተስ ምን ትላላችሁ? በነፃነት!» ይላሉ፤ ከልባቸው ነው። ስድስት ስብሰባ ተቀመጥኩ፣ አንድም የተለየ ሐሳብ አልሰማሁም። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፦ እርስዎ መጨረሻ ላይ ይናገሩ። በመጀመሪያው ስብሰባ ዝምታ ሆነ፤ በጣም የሚከብድ ዝምታ፣ እኔም እጄን አላበኝ። በሦስተኛው ላይ ዕቃ ግምጃ ቤት የምትሠራ ልጅ «ይሄ የተባለው ቁጥር መጋዘን ውስጥ የለም» አለች። ኃላፊው ደነገጡ። «ከመቼ ጀምሮ?» ሲሏት «ከቆየ ነው» አለች። ከመጀመሪያውም ታውቅ ነበር። እሳቸው ቀድመው «ዕቃው በቂ ነው» ስለሚሉ ነበር ዝም ያለችው።

ሰው ሳይቀጣ እንዲህ መናገር የሚችልበትን ሁኔታ ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1999 ባሳተመችው ጥናት «ሥነ ልቦናዊ ደህንነት» ብላዋለች። ቀደም ሲል ሆስፒታሎች ውስጥ ባደረገችው ምርምር ያልጠበቀችው ነገር ገጥሟት ነበር። አብረው በደንብ የሚሠሩት ቡድኖች ስህተታቸው በዝቶ ተገኘ። ለካ የበለጠ ስለሚሳሳቱ ሳይሆን ስህተታቸውን ስለማይደብቁ ነው። አለቃሽ ከዚህ በፊት አንድም ቅሬታ፣ አንድም «ይሄ ልክ አይደለም» ካልሰሙ ጥሩ ምልክት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና መመርመሪያ ቅጽም እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለው። ከመቀደድ በፊት በክፍሉ ያሉት ሁሉ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን ይናገራሉ። ነርሷም፣ ሰመመን ሰጪውም፣ ሁሉም። ቅጹ በስምንት ሆስፒታሎች ሲሞከር የሞት መጠን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ቅጹ ብዙ ነገር ስላለው ውጤቱ ሁሉ ከስም መተዋወቅ መጣ አልልም። ግን አንዴ ድምፁን ያሰማ ሰው ሁለተኛ ለመናገር ይቀለዋል፤ ይሄን እኔም በየስብሰባው አይቼዋለሁ።

ወደ አንቺ ልመለስ። አለቃሽ እስኪለወጡ ድረስ ምን ታደርጊያለሽ?

ትህትናሽን አትጣዪ። «እርስዎ» ይቆይ፣ «ይቅርታ»ም ካስፈለገ ይቆይ። የጎደለውን ብቻ ጨምሪ። እንዲህ ብትጽፊስ ኖሮ፦ «ሦስተኛው ሠንጠረዥ ላይ ያለው ድምር ከሁለተኛው ጋር አይገጥምም፤ ልዩነቱ 40,000 ነው። ሪፖርቱ ዛሬ 10 ሰዓት ላይ ስለሚላክ ካልታረመ እንዲሁ ይሄዳል። እኔ አርሜ ላምጣ ወይስ መላኩን ያቆዩታል?» ቁጥሩንና ሰዓቱን እንደ ምሳሌ ነው ያስገባሁት። ዋናው ያለው መጨረሻው ላይ ነው። «አርሜ ላምጣ ወይስ ያቆዩታል?» ለሚል ጥያቄ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» መልስ አይሆንም። የቀድሞው መልእክትሽ ግን በዚህ ቃል ሊዘጋ ይችል ነበር፤ ተዘጋም። አለቃ ሥራ ሲበዛበት መልእክት ሁሉ በ«እሺ» እንዲያልፍለት ይፈልጋል። በ«እሺ» የማያልፍ መልእክት ጻፊ። መሳደብም መቆጣትም አያስፈልገውም፣ ምርጫ መስጠት ይበቃል።

ደግሞ እያንዳንዱ የሥራ ቦታ የሚያስገድድ ቃል አለው። ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 አቪያንካ 52 የተባለ በረራ ኒው ዮርክ አጠገብ ነዳጅ ጨርሶ ወደቀ፤ 73 ሰው ሞተ። አብራሪዎቹ ነዳጅ እያለቀብን ነው ብለው ነበር፣ «ቅድሚያ»ም ጠይቀው ነበር። «አስቸኳይ አደጋ» ብለው ግን አላወጁም። ለተቆጣጣሪዎቹ ሁሉን ነገር አስጥሎ መንገድ የሚያስከፍተው ቃል እሱ ነበር። በእናንተ ቢሮ ያ ቃል ምንድን ነው? «አይላክ» ነው? «ኦዲት ያነሳዋል» ነው? «በጽሑፍ ይግባ» ነው? ከነባሮቹ መካከል የምታምኚውን ሰው ጠይቂ፣ አለ። ሆስፒታሎች ውስጥ ለዚሁ የተዘጋጀ ሦስት ደረጃ አለ፤ «አሳስቦኛል»፣ ካልተሰማ «አልተመቸኝም»፣ ካልተሰማ «ይህ የደህንነት ጉዳይ ነው»። የሚሠራውም ቃሉ ስለከበደ ብቻ አይደለም፣ ሁሉም አስቀድሞ ስለተስማማበት ነው። አንዲት ጀማሪ ነርስ ሦስተኛውን ስትል ሐኪሙ «ደፋር!» አይላትም፣ እንዲቆም ተምሯል። ክፍላችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ስምምነት ቢኖር ግማሹ ሸክም ካንቺ ይወርድ ነበር።

ስለ እንግሊዝኛው ባጭሩ። ራኩተን የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2010 የሥራ ቋንቋዬ እንግሊዝኛ ብቻ ነው ብሎ ሲያውጅ የምግብ ዝርዝሩና የአሳንሰሩ ጽሑፍ ሳይቀር ተቀየረ። ይህን ጉዳይ ለዓመታት ያጠናችው የሃርቫርዷ ፕሮፌሰር ፀዳል ኒሊ እንዲህ ባሉ ድርጅቶች ውስጥ ሠራተኞች ዕውቀታቸው ሳይነካ ደረጃቸው ዝቅ እንዳለ እንደሚሰማቸው አሳይታለች። አንቺንም የገጠመሽ እሱ ነው። ቋንቋው ሲቀየር ሥራውን የሚያውቀው ሰው ዝም ይላል፣ ቋንቋውን የሚያውቀው ይናገራል። የምትናገሪውን ሁለት ዓረፍተ ነገር ቀድመሽ ጽፈሽ ግቢ። ካቃተሽም «ይቺን ነጥብ በአማርኛ ልናገርና አንድ ሰው ይተርጉምልኝ» በዪ። አያሳፍርም። የሚያሳፍረው የተሳሳተ ቁጥር ባማረ እንግሊዝኛ ማለፉ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልደብቅሽ አልፈልግም። ግልጽ መሆን ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። ወንድ ሲናገረው «ቆራጥ» የሚባለው ቃል ካንቺ ሲወጣ «አፈኛ» ሊባል ይችላል፤ ይሄ እውነት ነው፣ ፍትሐዊም አይደለም። ስለዚህ ሥራሽን አደጋ ላይ ጥለሽ ድፈሪ አልልሽም። ግልጹን ነገር በጽሑፍ አድርጊው፣ ቀኑና ሰዓቱ ያለበት ይሁን። ሰው ፊት ሳይሆን ለብቻቸው ይድረሳቸው። ይህን ሁሉ አድርገሽም የሚቀጡሽ ከሆነ ችግሩ የአነጋገር አይደለም፤ ያን ጊዜ ሌላ ክፍል መፈለግ ፈሪነት አይባልም።

አሁን ግን አለቃሽ ጠይቀውሻል፣ መልስ አላገኙም። ለብቻቸው ስታገኚያቸው እንዲህ በያቸው፦ «ያን ቀን ጽፌልዎት ነበር፤ ግን ድምሩ እንደማይገጥም በቃል አላስቀመጥኩትም፣ እሱ የኔ ድርሻ ነው። ከእንግዲህ ከመላኩ በፊት መታረም ያለበት ነገር ሳገኝ መልእክቱን ‹አይላክ› ብዬ እጀምራለሁ። እርስዎም ‹ቢያዩት ጥሩ ነው› ስልዎት ‹ምን አየሽ?› ብለው ቢመልሱልኝ እነግርዎታለሁ።» ከመስታወት ፊት ሳይሆን ከዚያች ባልደረባሽ ጋር ሁለት ጊዜ ተለማመጂው፤ እሷ አለቃ ትሁን። ከዚያ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ። «አንተ» እያልሽ።